የሜክሲኮን ምግብ የሠሩት ስፔኖች አይደሉም

ሰሞኑን ስለ ሜክሲኮ ባህላዊ ምግብ አመጣጥ የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ለማንበብ ይጥማል። ጸሐፊው ምግቡን ከልብ እንደሚወዱትም ያስታውቃል። ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ችግር አለበት። የምግቡን ባለቤትነት በየተራ ለሌላ ይሰጣል። መጀመሪያ ለስፔኖች፣ ቀጥሎ ለገዳም መነኮሳት፣ መጨረሻ ላይ ለአሜሪካኖች። በቆሎውን ከዱር ሣር ያላመዱት፣ የፈጩት፣ የጋገሩት የአገሬው ሰዎች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ የትም የሉም።

ሜክሲኮ ለእኛ ሩቅ ብትሆንም ባዳ አይደለችም። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲይዝ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የተሰየመላት ለዚህ ነው። በሜክሲኮ ሲቲም ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ስለዚህ ስለ ሕዝቧ ስንጽፍ የሥራውን ምስጋና ለሠራው ሰው መስጠት ይገባናል። ነጥቦቹን በየተራ እያነሳሁ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጽሑፉ መነሻ ስፔኖች ከመድረሳቸው በፊት በአገሩ የነበረው ቅቅል በቆሎና ቦሎቄ ብቻ ነበር የሚል ነው። ወግ ያለው ምግብ ያደረጉት ስፔኖች ናቸው ይላል።

ይህን ለማፍረስ ራሳቸው ስፔኖቹ የጻፉት ይበቃል። የስፔን ወራሪ ጦር መሪ ኤርናን ኮርቴስ ሜክሲኮ የደረሰው በ1519 ነው። አገሩን ይገዙ በነበሩት በአዝቴኮች ዋና ከተማ ያየውን ገበያ ለንጉሡ በደብዳቤ ሲገልጽ፣ በየቀኑ ከ60,000 በላይ ሰው ይገበያይበታል ብሏል። አብሮት የዘመተው በርናል ዲያስ ደግሞ የንጉሥ ሞክቴሱማን ገበታ አይቶ ጽፏል። ከ30 ዓይነት በላይ ወጥ ይቀርብ ነበር። እንዳይቀዘቅዝም ከሥሩ ፍም ይደረግለት ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን በርናርዲኖ ዴ ሳአጉን አለ። ይህ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ በ1529 ወደ ሜክሲኮ መጥቶ ዕድሜውን እዚያው ጨረሰ። ከአገሬው የተማሩ ሰዎች ጋር ሆኖ የሕዝቡን ኑሮ በራሱ በሕዝቡ ቋንቋ አስጻፈ። በሥራው ውስጥ የምግብ ሻጮች ዝርዝር አለ። ታማሌ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የበቆሎ ሊጥ ነው፤ አሳ ያለበት ታማሌ፣ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሥጋ ያለበት ታማሌ፣ ቦሎቄ ያለበት ታማሌ ይቆጥራል። ከቃሪያ፣ ከቲማቲምና ከተፈጨ የዱባ ፍሬ የሚሠሩ ወጦችን ይዘረዝራል። የካካዎ መጠጡን ሳይቀር ጥሩውን ከመጥፎው ይለያል። አንድ ሕዝብ ጥሩ አብሳይና መጥፎ አብሳይ ብሎ መለየት ከጀመረ የምግብ ባህሉ ከጎለመሰ ቆይቷል ማለት ነው።

ዕድሜውን ደግሞ እንመልከት። በቆሎ እንዳለ የተገኘ እህል አይደለም። ቴዎሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር ነው የመጣው። የቴዎሲንቴ ራስ የጣት ያህል እንኳ አይሞላም፤ ጥቂት ፍሬዎች ብቻ አሉት፣ እነሱም ድንጋይ የመሰለ ሽፋን ውስጥ ናቸው። ይህን ሣር ዛሬ ወደምናውቀው በቆሎ የቀየሩት በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኮ፣ በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ሥራው የተጀመረው ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዋሃካ ክፍለ ግዛት ውስጥ ጊላ ናኪትስ በሚባል ዋሻ የተገኙ የበቆሎ ቆረቆንዳዎች ከ6,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። በዚያው ዋሻ የተገኘው የለማ ዱባ ፍሬማ 10,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ያን ጊዜ ስፔን የሚባል አገር አልነበረም።

ስፔኖች ምንም አላመጡም እያልኩ አይደለም። አሳማ፣ ላም፣ በግ፣ ዶሮ፣ ስንዴ፣ ሩዝ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በነሱ በኩል ነው የገቡት። ከ1565 ጀምሮ ለ250 ዓመት በፊሊፒንስ ማኒላና በሜክሲኮ ወደብ በአካፑልኮ መካከል የተመላለሱት የስፔን መርከቦች የእስያን ቅመም አምጥተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አሳማው ሲመጣ ስቡ የገባው ቀድሞ የነበረው ታማሌ ሊጥ ውስጥ ነው። ሥጋው የተጠቀለለው ቀድሞ በነበረው ስስ የበቆሎ ቂጣ፣ በቶርቲያ ነው። ቀረፋው የተፈጨው ቀድሞ በነበረው ወፍጮ ላይ ነው። ጸሐፊው አዲስ የመጣውን ግብዓት ሲቆጥሩ፣ ግብዓቱን የተቀበለውን የአሠራር እውቀት ረሱት።

ወደዚህ እውቀት ልለፍ፤ ጽሑፉ የበለጠ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቶርቲያ ማለት የበቆሎ እንጀራ ነው ብለው፣ ከወፍጮ ቤት የመጣ የበቆሎ ዱቄት በውሃ ለውሶ ምጣድ ላይ መጋገር ይበቃል ብለው አሠራሩን ሰጥተዋል። እንዲህ የተለወሰ ዱቄት ይፈረካከሳል። በስሱ ለመዳመጥ ሲሞከር ዳሩ ይሰነጠቃል፤ ተጋግሮ ሲጠቀለል ደግሞ ይሰበራል። እንጀራን እንጀራ የሚያደርገው እርሾው ነው፤ ሊጡ ይቦካል። ቶርቲያ አይቦካም። እሱን ቶርቲያ የሚያደርገው ኖራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደረቁ የበቆሎ ፍሬ በውሃና ለምግብ በሚሆን ጥቂት ንጹሕ ኖራ ይቀቀላል። በአንዳንድ ቦታ በኖራው ፈንታ የእንጨት አመድ ይገባል። ከዚያ ከእሳት ወርዶ በዚያው ውሃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት በእጅ ሲያሹት ልጣጩ ይላቀቃል። ይታጠብና እርጥቡን ይፈጫል። ድሮ የሚፈጨው እንደኛው በድንጋይ ወፍጮና በመጅ ነበር። የእነሱ ወፍጮ ሦስት እግር አለው፤ ሴቲቱ ተንበርክካ ነው የምትፈጨው። ለአንድ ቤተሰብ የቀን ቀለብ በየቀኑ ለሰዓታት መንበርከክ ማለት ነው። በኖራ የታከመው በቆሎ ኒስታማል ይባላል። ሲፈጭ የሚወጣው ሊጥ ይያያዛል፤ ሳይሰነጠቅ ስስ ሆኖ ይዘረጋል። ቶርቲያውም፣ ታማሌውም፣ አቶሌ የሚባለው አጥሚትም ከዚሁ ሊጥ ነው የሚነሱት።

ኖራው ሊጡን ከማያያዝ የበለጠ ሥራ አለው። በቆሎ ውስጥ ናያሲን የሚባል ቫይታሚን አለ። ፍሬው ካልታከመ ግን ይህ ቫይታሚን ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ሰውነታችን ሊጠቀምበት አይችልም። ኖራው ይፈታዋል። ካልሲየምም ይጨምርበታል። ስፔኖች በቆሎውን ወደ አውሮፓ ሲወስዱ ይህን አሠራር አልወሰዱም። ውጤቱ ክፉ ነበር። በ1735 ጋስፓር ካሳል የተባለ ሐኪም በሰሜን ስፔን በአስቱሪያስ ድሆች ላይ አዲስ በሽታ አየ። ቆዳቸው ይቆስላል፣ ሆዳቸው ይታወካል፣ በኋላም አእምሯቸው ይነካል። ፔላግራ የሚባለው በሽታ ነው። በሰሜን ጣሊያን ተስፋፋ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡባዊ አሜሪካ ግዛቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ሁሉም ቦታ ተጎጂዎቹ በአብዛኛው ያልታከመ በቆሎ እየበሉ የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። በቆሎ የዕለት ቀለቡ በሆነው በሜክሲኮ ገበሬ ዘንድ ግን ይህ በሽታ እንዲህ አልተስፋፋም። በጠዋት ተነስታ ኒስታማሏን የምታጥብ ሴት አውሮፓ በኋላ በብዙ ሞት የተማረውን ነገር በተግባር ታውቀው ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነጥብ አለ። ጸሐፊው በቆሎ የድሃ ምግብ ነው፣ ንጥረ ነገሩም ዝቅተኛ ነው ብለዋል። ይህ አነጋገር አዲስ አይደለም። በ1899 ፍራንሲስኮ ቡልኔስ የተባለ የሜክሲኮ ፖለቲከኛ የዓለምን ሕዝብ በስንዴ በሊታ፣ በሩዝ በሊታና በበቆሎ በሊታ ከፍሎ፣ የበላዩ ስንዴ በሊታው ነው ሲል ጽፎ ነበር። የአገሬው ሕዝብ ወደ ኋላ የቀረው በበቆሎው ምክንያት ነው ማለቱ ነበር። መሬቱ የተነጠቀበትን ሕዝብ ድህነት በእህሉ ማሳበብ ትልቅ በደል ነው። ጸሐፊው ይህን አስበው እንዳልጻፉ አምናለሁ፤ ግን ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት።

በእርሻው ላይም በቆሎ ብቻውን አይቆምም። ሚልፓ በሚባለው የጥንት አዘራር በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ አንድ ላይ ይዘራሉ። ቦሎቄው በበቆሎው አገዳ ላይ ይወጣል፣ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይሰጣል። የዱባው ሰፊ ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ይጠብቃል፣ አረም ይከላከላል። ገበታ ላይ ሲገናኙ ደግሞ በቆሎው የጎደለውን ፕሮቲን ቦሎቄው ይሞላዋል። ሜክሲኮዎች ዛሬ ስንዴም ሩዝም እያላቸው በቆሎን አልተዉትም። ወደ 60 የሚጠጉ አገር በቀል የበቆሎ ዝርያዎች አሏቸው። በ2025 ሕገ መንግሥታቸውን ሲያሻሽሉ በቆሎን የብሔራዊ ማንነታቸው አካል ብለው አስገብተውታል። በአገራቸው የሚዘራው በቆሎም የዘረመል ለውጥ ያልተደረገበት እንዲሆን ደንግገዋል።

አሁን ከቃሪያና ከብዙ ቅመም ወደሚሠራው ወጥ፣ ወደ ሞሌ። ጽሑፉ በፑዌብላ ከተማ የሚነገረውን ታሪክ እንደ እውነት አቅርቦታል። ሊቀ ጳጳሱ በድንገት መጡ፣ የሳንታ ሮሳ ገዳም መነኩሲት ሶር አንድሬያ ያገኘችውን ሁሉ ድስት ውስጥ ከተተች፣ ሞሌ ተወለደ። ታሪኩ ያምራል። የገዳሙ ወጥ ቤት በሸክላ ንጣፍ ያጌጠ ሆኖ ዛሬም በሙዚየምነት ይጎበኛል። ግን ታሪኩ ትውፊት ነው። ሌላም ትውፊት አለ፤ በዚያኛው ደግሞ ፓስኩዋል የተባለ መነኩሴ ወጥ ሲሠራ ነፋስ ቅመሙን ድስቱ ውስጥ በተነበት ይባላል። ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ ሞሌ ሳይታሰብ የመጣ ነው። ሞሌ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን አይቀበልም።

የፑዌብላ ሞሌ አንቾ፣ ሙላቶና ፓሲያ በሚባሉ ሦስት ደረቅ ቃሪያዎች ይጀምራል። እያንዳንዱ ፍሬው ወጥቶ ለየብቻ ይጠበሳል። ትንሽ ካረረ ወጡ በሙሉ ይመራል። ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ አልሞንድ፣ ዘቢብ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬና ድንብላል በየተራ ተቆልተው ወይም ተጠብሰው ይገባሉ። ማወፈሪያው የተጠበሰ ቶርቲያ ወይም ዳቦ ነው። ሁሉም ይፈጫል፣ በስብ ይቁላላል፣ በተርኪው መረቅ እየቀጠነ ለሰዓታት ይንተከተካል። ቸኮሌቱ የሚገባው መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ያውም በጥቂቱ። ጸሐፊው ሞሌን የቸኮሌት ወጥ ማለታቸውም ልክ አይደለም። በዋሃካ ሰባት ሞሌዎች ይቆጠራሉ፤ ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ ኮሎራዲቶ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ቺቺሎና ማንቻማንቴሌስ። ከነዚህ ብዙዎቹ ቸኮሌት የለባቸውም።

ሥሩን ከፈለግን ሳአጉን ያስጻፈው በቂ ነው። ተርኪ በቃሪያ፣ በቲማቲምና በተፈጨ የዱባ ፍሬ ይሠራ ነበር። ይህ ሶር አንድሬያ ኖረችበት ከሚባለው ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ የቀደመ ነው። የገዳም ወጥ ቤቶች ድርሻ አላቸው፤ የስፔንንና የእስያን ቅመም ከአገሬው ወጥ ጋር ያገናኙት እነሱ ናቸው። ግን በነዚያ ወጥ ቤቶች ውስጥ ወፍጮው ላይ ተንበርክከው የሚፈጩት የአገሬው ሴት አገልጋዮች ነበሩ። ስማቸውን የጻፈላቸው የለም።

ዋና ዋናዎቹ ምግቦች ተብለው የተዘረዘሩትም ያሳዝናሉ። ናቾስ፣ ቺሊ ኮን ካርኔ፣ እንደ ብስኩት የሚሰበር ታኮና ቡሪቶ። ናቾስ በ1940ዎቹ ኢግናሲዮ አናያ የተባለ የምግብ ቤት ሠራተኛ በድንበር ከተማዋ በፒዬድራስ ኔግራስ ከአሜሪካ ለመጡ እንግዶች ፈጥኖ የሠራው መክሰስ ነው። ቺሊ ኮን ካርኔ የቴክሳስ ምግብ ነው፤ ስሙ የሚነሳው ከሳን አንቶኒዮ ጋር ነው። ቡሪቶ የሰሜን ሜክሲኮ ነው፤ እዚያ ስንዴ ስለሚበቅል ቶርቲያውም የስንዴ ነው። ሩዝና ቦሎቄ ታጭቆበት ክንድ የሚያክለው ግን የካሊፎርኒያ ነው። ጠንካራው ታኮ በዓለም የታወቀው በ1962 በካሊፎርኒያ በተከፈተው ታኮ ቤል በኩል ነው። የታኮ ቤል መሥራች ግሌን ቤል ታኮን ያወቀው በሳን በርናርዲኖ ከተማ ከእሱ መሸጫ ፊት ለፊት ከነበረ የሜክሲኮዎች ምግብ ቤት ነው። እዚህም ባለሙያው ተረስቶ ነጋዴው ተመሰገነ። የቴክሳስ ሜክሲኮዎችን ምግብ አልንቅም፤ የራሱ ታሪክ ያለው ምግብ ነው። ባህላዊ የሜክሲኮ ምግብ ምን ይመስላል ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ እሱ አይደለም።

መልሱ ፖሶሌ ነው። ፍሬው ትልልቅ የሆነ ነጭ በቆሎ በኖራ ታክሞ እስኪፈነዳ ድረስ ከሥጋ ጋር ይቀቀላል። በጌሬሮ ክፍለ ግዛት አረንጓዴና ነጭ፣ በሃሊስኮ ክፍለ ግዛት ቀይ ይሠራል። ጌሬሮዎች ሐሙስ ሐሙስ ነው የሚበሉት፤ ሐሙስን ያለ ፖሶሌ አያውቁትም። መልሱ የዩካታን ኮቺኒታ ፒቢል ነው። የአሳማ ሥጋ አቾቴ በሚባል ቀይ ቀለም በሚሰጥ ፍሬና በኮምጣጣ ብርቱካን ተለውሶ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በጋለ ድንጋይ በሞቀ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። አቾቴውና ጉድጓዱ የማያዎች ናቸው፤ አሳማውና ብርቱካኑ የመጡ ናቸው። መልሱ የኢዳልጎ ባርባኮዋ ነው፤ በግ አጋቬ በሚባል እሬት መሰል ተክል ቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ የሚበስል። መልሱ ታማሌ ነው፤ ኒስታማል ሊጥ በበቆሎ ሽፋን ወይም በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል፣ ያለ እሱ የሙታን ቀንም ሆነ ክርስትና የማይደምቅ። ነሐሴና መስከረም ላይ ደግሞ በፑዌብላ ቺሌስ ኤን ኖጋዳ ይደርሳል። ትልቅ ቃሪያ በሥጋና በፍራፍሬ ተሞልቶ፣ በነጭ የዋልነት መረቅ ተሸፍኖ፣ ሮማን ይበተንበታል።

ታኮ እንኳ ቢሆን ታኮ አል ፓስቶርን ለምን ዘለሉት? ሊባኖሳውያን ስደተኞች ሻዋርማን ወደ ፑዌብላ ይዘው ገቡ። ሜክሲኮዎች በጉን በአሳማ ተኩ፣ በቃሪያና በአቾቴ ለወሱት፣ አናናስ ጨመሩበት፣ በበቆሎ ቶርቲያ አቀረቡት። ስፔን ያመጣችው ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የመጣው ሁሉ በቆሎው ላይ አረፈ።

የሜክሲኮ ምግብ ሁሉ ያቃጥላል፣ አትክልትም የለውም የሚለውን ባጭሩ ልመልስ። ሜክሲኮዎች ቃሪያን የሚመርጡት በመዓዛው፣ በቀለሙ፣ በጣፋጭነቱ ነው። አንቾ እምብዛም አያቃጥልም። የሚያቃጥለው ማባያ ብዙውን ጊዜ ለብቻው ይቀርባል፤ በላተኛው እንደ አቅሙ ይጨምራል። አትክልቱማ ብዙ ነው። የዱባ አበባ፣ የዱር ጎመን፣ በበቆሎ ላይ የሚወጣ ዊትላኮቼ የሚባል እንጉዳይ መሰል ነገር ሁሉ ይበላል። በለስንም ፍሬውን ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉን እሾሁን ፍቀው ይጠብሱታል። እኛ ትግራይ ውስጥ ፍሬውን በልተን ቅጠሉን ለከብት የምንሰጠው በለስ መነሻው እዚያው ሜክሲኮ ነው። የበርበሬያችን ዘርም እንዲሁ። ከ1492 በፊት በኢትዮጵያ ምድር በርበሬ አልነበረም። ጸሐፊው የእኛ ሰው የሜክሲኮን ምግብ በበርበሬው ይወደዋል ሲሉ፣ በርበሬውን ቀድሞ ያላመደው ያው የሜክሲኮ ገበሬ መሆኑን ቢጨምሩበት ጥሩ ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ ዩኔስኮ ታኮንና ተኪላን በቅርስነት መዝግቧል የሚለው ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ2006 የተመዘገበው የተኪላ አካባቢ የአጋቬ እርሻ ገጽታና የቆዩ ፋብሪካዎቹ ናቸው፤ መጠጡ አይደለም። ምግቡ የተመዘገበው በኅዳር 2010 እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ በተካሄደ ስብሰባ ነው። የተመዘገበውም አንድ ምግብ ሳይሆን ባህሉ በሙሉ ነው። ሚልፓው፣ ኒስታማሉ፣ ወፍጮው፣ የበዓል ሥርዓቱ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ሙያ። እንደ ምሳሌ የቀረበውም የሚቾዋካን ክፍለ ግዛት ሴቶች ሥራ ነው። እነዚህ አብሳዮች፣ ብዙዎቹ የፑሬፔቻ ሕዝብ ልጆች፣ በሞሬሊያ ከተማ እየተሰበሰቡ ሙያቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። ጸሐፊው የጠቀሱት የዩኔስኮ ምዝገባ እነሱን ስም ጠርቶ ያከበረ ነው። ጽሑፋቸው ግን አንዴም አላነሳቸውም።

ሁሉንም ማረም ባይቻል እንኳ የቶርቲያው አሠራር በቶሎ ይታረም። ሰው አምኖ እየሞከረው ነው። በውጭ አገር የምትኖሩና ዱቄት ገዝታችሁ መጋገር የምትፈልጉ፣ ማሸጊያው ላይ በቆሎው በኖራ የታከመ መሆኑን አንብቡ። የዚህ ዱቄት ሊጥ በሞቀ ውሃ ተለውሶ፣ እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ። ከዚያ በሁለት ፕላስቲክ መካከል አድርጋችሁ በስሱ ዳምጡትና ዘይት ባልነካው በጋለ ምጣድ ላይ ጣሉት።